ማሽኑ የት እንዳለ አያውቅም

የንፋስ መውጫ ነዋሪዎች፣ ከታች ጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ እንግዶች፣ መምህራን፣ የጤና ባለሙያዎች፣ ተማሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣

የግብዣ ደብዳቤያችሁ «ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ከቴክኖሎጂ ጋር ያለውን የዕለት ተዕለት ልምድ ያካፍለን» ይላል። ልምድ ካላችሁኝ፣ ያማረውን መርጬ አልመጣሁም። በቤተ ሙከራም፣ በቤቴም፣ ቢሮ ለቢሮ ስዞርም ሲያበሳጨኝ የኖረውን ይዤ መጥቻለሁ። ብስጭቱ የእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ሰው ፊት አላወጣውም ነበር። የእናንተም እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞም አብዛኛው ምክንያቱ ሊታወቅ፣ ሊለካና ሊስተካከል የሚችል ነው።

ዛሬ የምናገረው አንድ ነገር ነው፤ ደጋግሜ ስለምለው አትሰልቹኝ። ዕቃ ሲሠራ ሠሪው በሐሳቡ የያዘው ቦታ አለ። የዚያ ቦታ አየር፣ የዚያ ቦታ መብራት፣ የዚያ ቦታ ፊደልና ቀን መቁጠሪያ በዕቃው ውስጥ ገብቶ ይመጣል። ያ ቦታ እኛ ያለንበት ጋይንት አይደለም። ማሽኑ እዚህ መድረሱን አያውቅም፤ ሊነግረው የሚችለውም እዚህ ያለ ሰው ብቻ ነው።

ይህን ማለት ለምን አስፈለገኝ? በቤተ ሙከራ አንድ መሣሪያ እንቢ ባለ ቁጥር ተማሪዎቼ እጃቸውን ወደ ኋላ ይሰበስባሉ። «መምህር፣ እኔ ምንም አልነካሁም» ይሉኛል። ነርሷ መሣሪያው ያሳያት ቁጥር ግራ ሲያጋባት የምትጠረጥረው የራሷን እጅ ነው። ገበሬው ስልኩ በቀትር ባትሪ ሲጨርስበት «አያያዙን ስለማላውቅበት ነው» ይላል። ይህ ነገር ያንገበግበኛል። ሰው ያላጠፋውን ጥፋት ሲሸከም ዕቃውን ይፈራዋል፤ የፈራውን ዕቃ ደግሞ ከፍቶ አያየውም፣ መግለጫውን አያነበውም፣ ለምን ብሎ አይጠይቅም። ልጆቻችን መርማሪ እንዲሆኑልን ከፈለግን ይህን ፍርሃት ከላያቸው ማንሳት አለብን።

እንግዲህ ከአየሩ ልጀምር። ረዘም ላለ ጊዜ የምቆየውም እዚሁ ላይ ነው።

ንፋስ መውጫ ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። ጎረቤታችን ጉና ደግሞ ከ4,000 ሜትር ያልፋል። በዚህ አዳራሽ ውስጥ የምንተነፍሰው አየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ያህል ቢሆን ነው። 70 በመቶ የምትለዋን ቁጥር ያዙልኝ።

ለቤተ ሙከራ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ደህንነት የወጣው ዓለም አቀፍ መስፈርት «መደበኛ» ብሎ የሚወስደው ከፍታ እስከ 2,000 ሜትር ነው። አዲስ አበባ እንኳ ከዚያ በላይ ናት፤ እኛ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በላይ እናልፈዋለን። ማንም ሊበድለን ብሎ ያደረገው አይደለም። አብዛኛው የዓለም ሕዝብ የሚኖረው ከዚያ በታች ስለሆነ፣ ዕቃውም ለብዙኃኑ ተሠራ። ለእኛ ሲመጣ ግን ዕቃው ከተሰፈረለት ልክ ውጭ እየሠራ ነው ማለት ነው። ይህን የሚነግረን ሻጭ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

መምህራን የምታውቁትን ምሳሌ ላምጣ። ፕሮጀክተር፣ ወይም በተለምዶ ኤልሲዲ የምንለው፣ ትምህርቱ መሀል ላይ ድንገት ጥፍት ይላል። ተማሪው ይንጫጫል፤ መምህሩ ገመዱን ይነቅላል፣ ይሰካል። ምን ሆኖ ነው? ፕሮጀክተር መብራቱን የሚያቀዘቅዘው በማራገቢያ ነው። ማራገቢያው የሚገፋው አየር እዚህ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት ተሸክሞ የመውጣት አቅሙ ትንሽ ነው። ስለዚህ ዕቃው ይግላል፣ ራሱን ለማዳንም ይጠፋል። ብዙዎቹ ፕሮጀክተሮች በማስተካከያ ዝርዝራቸው ውስጥ ለከፍተኛ ቦታ የሚሆን ምርጫ አላቸው። ምርጫው ሲበራ ማራገቢያው ይፈጥናል፤ ድምፁ ትንሽ ይጨምራል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። ነገ ትምህርት ቤታችሁ ስትገቡ ፈልጉት። እኔ በሄድሁባቸው ደጋ ትምህርት ቤቶች ይህ ምርጫ በርቶ ያገኘሁት ከስንት አንዴ ነው። ዕቃው ከፋብሪካ ሲወጣ ጠፍቶ ነው የሚወጣው፤ ማንም አልነገረውም።

ሃርድ ዲስክም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ የሚሽከረከሩ ሃርድ ዲስኮች መግለጫቸው ላይ ለሥራ የሚፈቀደውን ከፍታ ይጽፋሉ፤ የተለመደው 3,048 ሜትር ነው፣ 10,000 ጫማ ማለት ነው። ልብ አድርጉ፤ እኛ ያለነው ልክ ድንበሩ ላይ ነው። በዲስኩ ላይ የተጻፈውን የሚያነበው ጫፍ ዲስኩን አይነካም። ዲስኩ ሲሽከረከር በሚፈጠረው እጅግ ቀጭን የአየር ሽፋን ላይ ይንሳፈፋል። አየሩ ሲሳሳ ጫፉ ወደ ዲስኩ ይጠጋል፤ ከነካው ጽሑፉን ይፍቀዋል። ከዓመታት በፊት በዚሁ አካባቢ ስሠራ የሙከራ ውጤቶቼን የያዘ ሃርድ ዲስክ ተበላሸብኝ። የጠየቅሁት ሁሉ «ጥለውት ይሆናል» አለኝ። አልጣልሁትም። የሞተበት ምክንያት ከፍታው ነው ብዬም አልምልም፤ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። ነገር ግን መግለጫውን ካነበብሁ ወዲህ ለደጋ ሥራ የማይሽከረከረውን፣ በውስጡ ተንቀሳቃሽ ነገር የሌለውን ዲስክ ነው የምይዘው። በስልካችሁና በፍላሻችሁ ያለው ማስቀመጫ የዚህ ዓይነት ስለሆነ ስለ ከፍታው አትስጉ።

ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለተኛ ደረጃ የተማራችሁ ደግሞ በክፍሉ የነበረውን የፕላዝማ ቴሌቪዥን ታስታውሳላችሁ። ትምህርቱ በሳተላይት ይመጣ፣ በእንግሊዝኛ ይፈስስ ነበር፤ ያልገባው ተማሪ ቢኖርም አይቆምም፣ መልስ ስጡ ብሎ ሰዓት ቆጥሮ ያልፍ ነበር። መብራት ሄዶ ከመጣም ያመለጠው አምልጧል። ስለ አስተማሪነቱ ብዙ ተብሏል፤ እኔ ስለ መስታወቱ ልናገር። የፕላዝማ ስክሪን በሁለት መስታወቶች መካከል ከባሕር ወለል አየር ባነሰ ግፊት የታሸገ ጋዝ አለው። ዝቅተኛ ቦታ ላይ የውጩ አየር መስታወቱን አጥብቆ ይይዘዋል። ከፍ ባለ ቦታ የውጩ ግፊት ይቀንስና ከውስጡ ጋር ይቀራረባል፤ መስታወቱ ይላላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ጥዝዝ ይላል። በዚያ ዘመን ከክፍሉ ጥግ የማያቋርጥ ጥዝታ የሰማችሁ ካላችሁ፣ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። በደጋ ለሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች ዕቃ ሲመረጥ «ስንት ሜትር ላይ ነው የሚሰቀለው?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነበር። ዛሬም ተገቢ ነው።

እስካሁን ያልሁት ስለ ትምህርትና ስለ ፋይል ነው። አሁን የምለው ግን ስለ ሰው ሕይወት ነው፤ የጤና ባለሙያዎች በተለይ ስሙኝ።

ንፋስ መውጫ ላይ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፤ በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። ግፊቱ ባነሰ ቁጥር ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። ባቄላና አተር እዚህ ለመብሰል የሚፈጁትን ማገዶ እናቶች ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ውኃው ይንተከተካል፣ ይፍለቀለቃል፤ ግን ያ ፍላት 90 ዲግሪ ነው። እሳት ቢጨመርበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም።

ወደ ጤና ጣቢያው እንሂድ። የሕክምና መሣሪያዎችን የምናመክንበት አውቶክሌቭ አለ። እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን 121 ዲግሪ ያደርሰዋል። በግፊት መለኪያ (በጌጅ) ብቻ በሚሠራው ዓይነት ላይ ባለሙያው የተማረው እንዲህ ነው፤ መርፌው 15 ፒ.ኤስ.አይ. ሲደርስ ሙቀቱ 121 ደርሷል፣ ከዚያ ደቂቃ ቁጠር። ይህ በባሕር ወለል ትክክል ነው። ነገር ግን ጌጁ የሚያሳየው በውስጥና በውጭ ያለውን የግፊት ልዩነት ብቻ ነው። የውጩ ግፊት እዚህ በ30 በመቶ ስላነሰ፣ መርፌው ያንኑ 15 ሲያሳይ ውስጥ ያለው ሙቀት 115 ዲግሪ ገደማ ነው። ስድስት ዲግሪ ትንሽ ይመስላል። ለጠንካራው የባክቴሪያ ስፖር ግን ትንሽ አይደለም፤ ያንኑ ስፖር ለመግደል ከሦስት እጥፍ በላይ ጊዜ ያስፈልጋል።

ምን ይደረግ? አንደኛ፣ አውቶክሌቩ ቴርሞሜትር ካለው ጌጁን ትታችሁ ቴርሞሜትሩን እመኑ። ደቂቃ መቁጠር የሚጀመረው 121 ሲነበብ ነው። ሁለተኛ፣ ጌጅ ብቻ ከሆነ ያለው፣ በየ300 ሜትሩ ግማሽ ፒ.ኤስ.አይ. ይጨመራል የሚል የታወቀ መመሪያ አለ፤ ለእኛ ወደ 20 ይጠጋል። ነገር ግን ይህን ከማድረጋችሁ በፊት መሣሪያው የሚችለውን የመጨረሻ ግፊት ከመግለጫው ላይ አረጋግጡ፤ የማይችል ከሆነ ግፊቱን አትጨምሩ፣ ስለሚረዝመው ጊዜ የሕክምና መሣሪያ መሐንዲስ ይጠየቅ። በኮምፒውተር የሚታዘዙት አዳዲሶቹ ሙቀቱን ራሳቸው ስለሚለኩ ለእነሱ ይህ ችግር የለም። አሮጌዎቹ ግን አሁንም በየቦታው አሉ። ነርሷ ሥርዓቱን አንድ ሳታጓድል ፈጽማ፣ መሣሪያው በትክክል ሳይመክን ሊቀር ይችላል። ይህንን እያወቅሁ ዝም ብል እንቅልፍ አይወስደኝም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ መለኪያ አለ፤ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ። ከኮሮና ወዲህ በየጤና ተቋሙ ይታያል። መሣሪያው ቁጥር ይሰጣል፤ ቁጥሩ ዝቅተኛ ነው ወይስ ደህና የሚለው ግን ሰውየው በሚኖርበት ከፍታ ይወሰናል። የደም ማነስን የምንለይበት የሄሞግሎቢን ልክም በከፍታ ይስተካከላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የማስተካከያ ሠንጠረዥ አለው። እሺ፣ ሠንጠረዡን አይተን እንለፍ ቢባል እንኳ ነገሩ አያልቅም። እ.ኤ.አ. በ2002 አሜሪካዊቷ አንትሮፖሎጂስት ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር ያሳተሙት ጥናት አለ። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን ለኩ። በአንዲስ ተራሮች በተመሳሳይ ከፍታ የሚኖረው ሕዝብ ሄሞግሎቢኑ ከፍ፣ የደሙ ኦክስጅን ደግሞ ዝቅ ይላል። የቲቤት ሰዎች ሄሞግሎቢናቸው ብዙም አይጨምርም፤ ኦክስጅናቸው ግን ዝቅ ያለ ነው። የእኛዎቹ ሲለኩ ከሁለቱም ተለዩ፤ ሄሞግሎቢናቸውም፣ ኦክስጅናቸውም በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖር ሰው ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ። የደማቸው ኦክስጅን በአማካይ 95.3 በመቶ ነበር።

ይህን ውጤት መጀመሪያ ሳነበው ከወንበሬ ተነሥቻለሁ። እስከዚያ ድረስ የደጋ ሰው እንዲህ ነው ሲባል የነበረው በአብዛኛው የሌላ አህጉር ደጋ ሰው ተለክቶ ነው። የጋይንት፣ የስማዳ፣ የእስቴ ሰው ምን ይመስላል የሚለውን ከአንዲስ መገመት አይቻልም። መለካት ነው ያለው። መሣሪያው ብቻ ሳይሆን መሣሪያውን ለማረም የተሠራው ሠንጠረዥም ቦታ ይዞ ይመጣል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጉዳዬ መብራት ነው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ እንላለን፤ ስለ መሄዱ ብዙ እናወራለን፣ እንዴት ሆኖ እንደመጣ ግን አንጠይቅም። ዕቃዎቻችን የሚጠብቁት 220 ቮልት ነው። ማታ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ በመስመሩ ጫፍ ያለው ቤት 220 አያገኝም። በመስኖ ቦይ ጫፍ ላይ ማሳ ያለው ገበሬ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ ከላይ ያለው ሁሉ ከጠለፈ በኋላ የሚደርሰው ቀሪው ነው። ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ የምጣዱ ኃይል የሚቀንሰው በዚያው ልክ አይደለም፤ ከዚያ በላይ ነው፤ ወደ ሁለት ሦስተኛው ይወርዳል። ምጣዱ ቶሎ አይግልም፣ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ጋጋሪዋ ረጅም ሰዓት ትቆያለች። ረጅም ሰዓት ስለቆየች መስመሩ ረጅም ሰዓት ይደክማል። ማቀዝቀዣ ደግሞ ይብስበታል፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ቮልት ለመነሣት ሲታገል ይግላል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ክትባት ያለበት ማቀዝቀዣ ሲሆን ደግሞ አስቡት።

ቴስተር የምንለው መለኪያ በየገበያው አለ። በየሰፈሩ አንድ ወጣት ለአንድ ሳምንት ማታ ማታ ቮልቱን እየለካ በደብተር ቢይዝ፣ «መብራቱ ደካማ ነው» ከሚለው ስሞታ ይልቅ ያ ደብተር የትም ቢሄድ ይሰማል። እስከዚያው መብራት ሲመጣ ማቀዝቀዣውን ወዲያው አትሰኩ፤ ትንሽ ደቂቃ ጠብቁ፣ መስመሩ ይርጋ።

ከፍታው ግን ሁልጊዜ አይጎዳንም። ሶላር የምታስገቡ ሰዎች ይህን እወቁ። የሶላር ሰሌዳ ፀሐይ ይወዳል፤ ሙቀት ግን አይወድም። በአንድ ዲግሪ ሙቀት ጭማሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል። ስለዚህ ጥቅምት ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ አየሩ በውርጭ ሲቀዘቅዝ ያው ሰሌዳ ከአባይ በረሃ ይልቅ እዚህ የተሻለ ይሰጣል። የእኛ ቦታ የሚያምርበት ዕቃም አለ ማለት ነው።

ሦስተኛው ስለ ቀንና ስለ ስም ነው፤ ቶሎ ልለፈው፣ ጉዳቱ ግን ቀላል አይደለም። ልጁ በጥር 2000 ዓ.ም. የተወለደ ከሆነ በፈረንጅ 2008 ነው፤ በመስከረም 2000 የተወለደው ደግሞ 2007 ነው። ፎርም የሚሞላው ሰው ለሁሉም ስምንት ይደምርና የአንዱን ልጅ ዕድሜ በአንድ ዓመት ይለውጠዋል። ጳጉሜን የተወለደች ልጅ 12 ወር ብቻ በሚያሳይ ፎርም ላይ የልደት ወሯን አታገኝም። የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኮምፒውተር ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተናም በ2016 በከፊል ወደዚያው ገብቷል። ኮምፒውተሩ 8:00 ብሎ ሲጽፍ የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ ከቀትር በኋላ ስምንት ሰዓት? ተማሪዎቻችሁን አስቀድማችሁ ጠይቋቸው። በዚህ የተነሣ ከፈተና አዳራሽ በር ላይ ተመልሳ ስታለቅስ ያየኋት ልጅ ፊቷ ከዓይኔ አልጠፋም።

ስማችንም እንዲሁ ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ይላል፤ እኛ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። በትምህርት ማስረጃው በላቲን ፊደል አንድ ዓይነት፣ በመታወቂያው ሌላ ዓይነት የተጻፈ ስም ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው። ከእንግዲህ አንድ አጻጻፍ መርጣችሁ፣ ለልጃችሁ በወረቀት ጽፋችሁ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ ያንኑ ያዙ።

ፊደሉ ላይ ግን በጎ ታሪክ አለን። ድሮ እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪ ፊደላችንን በመሰለው ቁጥር ላይ ያስቀምጥ ነበር። በአንዱ የተጻፈ በሌላው ሲከፈት ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ክምር ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በ3.0 እትሙ የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ለእያንዳንዱ ፊደል በዓለም ሁሉ አንድ የሆነ ቁጥር ተሰጠው። ዛሬ በስልካችሁ አማርኛ የምትጽፉት ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ የሆነው ፊደላችንን የሚያውቁ ሰዎች ተቀምጠው «የእኛ ፊደል እንዲህ ነው» ብለው ስላስረዱ ነው። ቢሆንም አሁንም ጥናቱን በአሮጌው መንገድ አስጽፎ፣ ማተሚያ ቤት ሲደርስ ፊደሉ የሚበተንበት ተማሪ በየዓመቱ ይመጣብኛል። የምታስጽፉትን «በዩኒኮድ ይሁን» ብላችሁ አስጽፉ።

ኔትወርክን ሳላነሣ ብወርድ አትለቁኝም። የስልክ ሞገድ በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው፤ ተራራ አይጥሰውም። የእኛ አገር ደግሞ ከጉና እስከ አባይና በሽሎ ገደል የተቆራረጠ ነው። ከገደሉ በታች ያለ ሰው የስልክ ማማው ሞገድ በማይደርስበት ጥላ ውስጥ ነው። ስልኩ ማማውን ለማግኘት አቅሙን አሟጦ ስለሚጮህ ባትሪው በግማሽ ቀን ያልቃል። ስማዳ ቆላ የምትወርዱ ሰዎች፣ ኔትወርክ በሌለበት ስልኩን የአውሮፕላን ምልክት ባለበት ምርጫ ላይ አድርጉት፤ ኔትወርክ የሚገኝበት ጉብታ ላይ ስትወጡ ትከፍቱታላችሁ። ባትሪው ያልቅ የነበረው እናንተ ስላላወቃችሁበት አልነበረም።

ተራራ ያላመጣው መቋረጥም አለ። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ ቆይቷል። ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ፎርም እንዲሞላላቸው የለመኑ ተማሪዎች አውቃለሁ። ሁሉም ነገር በኢንተርኔት ይሁን በተባለበት ዘመን ኢንተርኔት የሌለው ልጅ ከበሩ ውጭ ቀረ። ሥርዓት የሚዘረጉ ሰዎች ኢንተርኔት በሌለበት ቀን የሚሠራ ሁለተኛ መንገድ አብረው እንዲያዘጋጁ አጥብቄ እጠይቃለሁ። የወረቀት ፎርም ውርደት አይደለም።

መንገድ ካልሁ፣ በዚህ በእኛ መንገድ ካለፉት ከባድ መሣሪያዎች አንዱን ላንሣ። ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ተሠራ፤ 70 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ተነሥተው በጋይንት ምድር፣ በጨጨሆ በኩል አድርገው፣ በሽሎን አሻግረው መቅደላ ለማድረስ ከአምስት ወር በላይ ፈጀባቸው። ወጣቶች ከዚህ ታሪክ የጀግንነቱን ክፍል ታውቁታላችሁ። እኔ የምወደው ሌላውን ነው። ጋፋት ያሉት አውሮፓውያን ባለ እጆች ብረታ ብረት አቅልጠው መድፍ ማውጣት ችለዋል። ያ መድፍ ጨጨሆን እንዴት እንደሚወጣ ግን ከየትም የመጣ መጽሐፍ አይናገርም። ዳገቱን አይቶ፣ ቁልቁለቱን ለክቶ፣ ድንጋዩን ፈንቅሎ፣ ጠፍሩን ስቦ መንገዱን የሠራው በቦታው ያለ ሰው ነው። መድፉ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።

አሁን ከእናንተ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። ይህ አካባቢ ለሳይንስ የታደለ ነው። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከጉና ውርጭ እስከ አባይ በረሃ ድረስ ሁሉም ከፍታ አለን። ብዙ አገሮች ይህን በአንድ ዞን ውስጥ አያገኙም። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት፣ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ የራሱ የፍላት ነጥብ አለው፤ ግን በየት ተጽፎ ነው? በመማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለው 100 ዲግሪ ነው። ጋይንት ውስጥ ያለ ተማሪ በዓይኑ 90 እያየ ለፈተና 100 ብሎ ይጽፋል። ሁለቱም ልክ እንደሆኑ፣ ለምን እንደሚለያዩም ማወቅ መብቱ ነው።

ስለዚህ የንፋስ መውጫ፣ የአርብ ገበያ፣ የወገዳና የመካነ ኢየሱስ የሳይንስ ክበቦች በአንድ ቅዳሜ፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ውኃ ያፍሉ። ቴርሞሜትሩ የድስቱን ታች አይንካ፤ በእንጨት አስራችሁ መሀል ላይ አንጠልጥሉት። ውኃው ከተንተከተከ በኋላ ቁጥሩ ከመንቀሳቀስ እስኪቆም ጠብቁ። ሦስት ተማሪዎች እየተፈራረቁ ያንብቡ፤ አንዱ የሌላውን ቁጥር ሳያይ ይጻፍ። ቁጥሮቹ ቢለያዩ አትሰርዙ፣ ሦስቱንም ላኩልኝ። ቆላ የሚኖሩ ዘመዶች ያሏችሁ ልጆች ቴርሞሜትሩን ይዛችሁ ውረዱ፤ እዚያ 96 ወይም 97 ታገኙ ይሆናል፣ ታገኙ እንደሆነ እናያለን። የተገኘው ቁጥር በየጤና ጣቢያው ከአውቶክሌቩ አጠገብ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ የቦታው ስም፣ ቀኑና የለኩት ተማሪዎች ስም አብሮ ይጻፍበት።

እስከ 110 ዲግሪ የሚያነቡ የአልኮል ቴርሞሜትሮች እዚህ ጠረጴዛ ላይ አሉ። የክበብ ተጠሪዎች ከመሄዳችሁ በፊት ፈርማችሁ ውሰዱ። የጤና ባለሙያዎች ደግሞ የአውቶክሌቫችሁን ዓይነት ንገሩኝ፤ መግለጫውን አብረን እናነበዋለን። አሁን ጥያቄያችሁን ልስማ፤ ከኋላ ከተቀመጡት ተማሪዎች እንጀምር።